ዩንግፍራውዮኽ ወይስ ጎርነርግራት? ለልደት ቀን የትኛው ተራራ ይሻላል

እማዬ 60 ዓመቷን የደፈነችው ዙሪክ እኔ ጋ መጥታ ሳለ ነው። "ለልደትሽ ምን ላድርግልሽ?" ስላት፣ ከሐይቁ ማዶ ርቆ ወደሚታየው ነጭ የተራራ ሰንሰለት በእጇ ጠቆመች። "እዚያ ውሰደኝ" አለችኝ። ወሰድኳት፤ ዩንግፍራውዮኽ። በዓመቱ ደግሞ ለባለቤቴ ልደት ጎርነርግራት ወጣን። ሁለቱም ከዙሪክ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባባቸው ናቸው። ሁለቱም ጋ የሚወጣው በባቡር ነው። ሁለቱም ተራራም የበረዶ ግግርም ያሳያሉ። ግን በፍጹም አንድ አይደሉም። ገንዘቡም ቀላል ስላልሆነ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ያየሁትን ልንገራችሁ።

በግግሩ ልጀምር። በረዶውን በቅርብ ማየት ለሚፈልግ ሰው ዩንግፍራውዮኽን የሚያህል የለም። ጣቢያው 3,454 ሜትር ላይ ነው፤ በአውሮፓ ከዚህ ከፍ ያለ የባቡር ጣቢያ የለም። ሥራው 16 ዓመት ፈጅቶ እ.ኤ.አ. በ1912 ነው የተከፈተው። ባቡሩ ተራራው ሆድ ውስጥ በተፈለፈለ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ዋሻ ይወጣል። ከዋሻው ወጥታችሁ በረንዳው ላይ ስትቆሙ አሌች ከሥራችሁ ተዘርግቷል። ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ በአልፕስ ትልቁ ግግር እሱ ነው። የተኛ ይመስላል እንጂ እንደ ወንዝ ይፈስሳል፣ በጣም በዝግታ። መሃሉ ላይ የሚታዩትን ረጃጅም ጥቋቁር መስመሮች ልብ በሉ። ከተራሮቹ ተፈርፍሮ የወደቀ ድንጋይ ናቸው። ሁለት ግግሮች ሲገናኙ ዳር ላይ የነበረው ድንጋይ መሃል ይቀራል።

ግግሩ ውስጥም ይገባል። የበረዶ ቤተ መንግሥት ይሉታል፤ ግድግዳውም ጣሪያውም ወለሉም በረዶ ነው። እማዬ ጓንቷን አወለቀችና ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰችው። እንደ መስታወት የለሰለሰ ነው። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ውስጡ ጥቃቅን የአየር አረፋዎች አሉ። "ይሄ ሁሉ ውሃ ነው?" አለችኝ። እጇ ቀልቶ እስኪደነዝዝ አላነሳችውም። ለእኔ የዚያ ቀን ዋጋ እዚያች ደቂቃ ላይ ተከፈለ። ወለሉ ግን ያንሸራትታል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ካለ ክንዱን ይዛችሁ፣ ጥሩ ሶል ያለው ጫማ አድርጋችሁ ግቡ።

አሳሳቢው ነገር አየሩ ነው። "እኛ የደጋ ልጆች ነን፣ ምን ያደርገናል" የሚል ብዙ ሰው ሰምቻለሁ። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ይሄ ከእሷም 1,100 ሜትር ይበልጣል። ዙሪክ ደግሞ 400 ሜትር ላይ ናት። እዚህ ዓመታት የኖረ ሰውነት ደጋውን ረስቶታል። እማዬ ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና ሳምንቷ ነበርና ምንም አልመሰላትም። እኔን ግን ደረጃ ስወጣ ራሴን አዞረኝ። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ። ነፍሰ ጡርም እንዲሁ። እዚያ ስትደርሱ አትሩጡ፣ ውሃ ጠጡ።

ጎርነርግራት በዚህ በኩል ይቀላል። 3,089 ሜትር ነው። ከተራራው ሥር ካለችው ከዘርማት 33 ደቂቃ ይፈጃል፣ አብዛኛው መንገድም ከዋሻ ውጭ ነው። ስትወጡ በቀኝ በኩል ተቀመጡ፤ ማተርሆርን የሚባለው ተራራ ከመስኮታችሁ አይጠፋም። ጫፉ ላይ ስትደርሱ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆኑ 29 ተራሮች ዙሪያችሁን ይቆማሉ። ከስዊዘርላንድ ሁሉ የሚበልጠው፣ የሞንቴ ሮዛው 4,634 ሜትር ጫፍም ከእነሱ አንዱ ነው። ግግሩ ከሥር ሲጠማዘዝ ይታያል፤ ሆኖም ከሩቅ ነው፣ አትነኩትም።

ለፎቶ ግን ጎርነርግራት ይበልጣል። በበጋ ስትመለሱ ሮተንቦደን ጣቢያ ላይ ውረዱ። ጥቂት ደቂቃ ቁልቁል ስትሄዱ ሪፈልዜ የምትባል ትንሽ ሐይቅ አለች። ነፋስ ከሌለ ማተርሆርን ተገልብጦ ውሃው ውስጥ ይታያል። ባለቤቴ እዚያች ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አንድ ሰዓት ሙሉ አልነሳም አለች። ዩንግፍራውዮኽ ላይ እንዲህ ያለ ጸጥታ አታገኙም። ሰው ይበዛል፣ ብዙውን ጊዜ የምታሳልፉትም በኮሪደርና በአሳንሰር ነው።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ዩንግፍራውዮኽ ከኢንተርላከን ደርሶ መልስ ሙሉ ዋጋው 200 ፍራንክ ያልፋል። ጎርነርግራት ከዘርማት 100 ፍራንክ አካባቢ ነው፣ በበጋ ይጨምራል፤ ዘርማት ለመድረስ የሚከፈለው ግን ለብቻው ነው። ሃልብታክስ (የባቡር የግማሽ ዋጋ ካርድ) ካላችሁ ሁለቱም ጋ በግማሽ ትሄዳላችሁ። አንዳንድ የተራራ መጓጓዣዎች ባለልደትን በነጻ ይወስዳሉና ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፤ መታወቂያም ያዙ።

ገንዘብ ከበደን የምትሉ፣ ልጆችም ካሏችሁ፣ ቲትሊስን እዩ። ከሉሰርን ተራራው ሥር እስካለችው ኤንገልበርግ በባቡር አንድ ሰዓት አይሞላም፣ የመጨረሻዋ ኬብል ካርም እየዞረች ነው የምትወጣው። ግግሩ ትንሽ ነው። ጄኔቭ ላላችሁ ደግሞ የፈረንሳዩ ሻሞኒ ይቀርባል፤ ኬብል ካሩ 3,777 ሜትር ድረስ ያወጣል። ግን ድንበር ማቋረጥ ነው። ኤን (የጥገኝነት ጠያቂ) ወይም ኤፍ (ለጊዜው እንዲቆይ የተፈቀደለት ሰው) ፈቃድ የያዘ ያለ ልዩ ፈቃድ ከስዊዘርላንድ መውጣት ስለማይችል ይሄኛውን ይተወው።

ከሁለቱ ምረጥ ካላችሁኝ፣ በረዶ አይቶ ለማያውቅ ወላጅ ጤናው ከፈቀደ ዩንግፍራውዮኽ፤ ለፍቅረኛ ወይም ተረጋግቶ መቀመጥ ለሚወድ ሰው ጎርነርግራት። ጠዋት ከቤት ሳትወጡ የጣቢያውን የቀጥታ ካሜራ ክፈቱ። ደመና ከሸፈነው ዩንግፍራውዮኽ ቢያንስ የበረዶ ቤተ መንግሥቱ ይቀራችኋል። ጎርነርግራት ላይ ግን ጭጋግ ብቻ ነው የምታዩት፤ ልደቱን በሁለት ቀን ብታዘገዩት ይሻላል።

ምግብ እዚያ ላይ ውድ ነው፣ ከቤት ያዙ። እኛ ድፎ ዳቦ ጋግረን ነበር የሄድነው። ስንመለስ ከኢንተርላከን በተሳፈርንበት ባቡር ውስጥ እማዬ ራሷ ቆረሰችው፣ ፊት ለፊታችን ለተቀመጡት አሮጊትም አቃመሰቻቸው።