ባለ ቀዳዳው የጉልበት ማሰሪያ፦ ለማን ይሆናል፣ እንዴትስ ይታሰራል?

ፋርማሲ ገብቶ የጉልበት ማሰሪያ ለጠየቀ ሰው ከመደርደሪያ የሚወርድለት አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ እንደ ካልሲ የሚጠለቀው ላስቲክ፣ ከጎማ መሰል ወፍራም ጨርቅ ተሠርቶ የጉልበቱ ሎሚ (ፊት ለፊት ያለው ክብ አጥንት) ላይ ቀዳዳ ያለው፣ ወይም በግራና ቀኙ ብረትና ማጠፊያ የገባበት። እዚህ የምንመዝነው መካከለኛውን ነው። ለብዙ ሰው የሚስማማው እሱ ነው፤ አጥብቀው ካሰሩት ግን ጉዳት ያመጣል።

ጥሩነቱ ቀዳዳው ላይ ነው። በቀዳዳው ዙሪያ የተሰፋው ወፈር ያለ ቀለበት ሎሚው ወደ ጎን እንዳይሸሽ ይደግፈዋል፣ ፊት ለፊት ያለውን ጫናም ያቀልላል። ስለዚህ ደረጃ ሲወርዱ ወይም ከዝቅተኛ በርጩማ ሲነሱ ከሎሚው ስር ለሚያማቸው፣ በዕድሜ መገጣጠሚያቸው ለተሸረሸረም ሰዎች ይረዳል። ሙቀቱ ግትርነቱን ያላላል፤ የጨርቁ ንክኪም እግር አረጋገጥን ያስተካክላል። የተበላውን ልም አጥንት ግን አይመልስም። ካርቶኑ ላይ «መዳብ ያለበት» ወይም «ማግኔት ያለበት» ተብሎ ዋጋው ከፍ ያለውን አንመክርም፤ መዳቡም ማግኔቱም ከተራው የተሻለ እንደሚያድን የተረጋገጠ ነገር የለም።

ትልቁ ስህተት የሚሠራው መጠን ሲመረጥ ነው። ቁመትንና ውፍረትን በዓይን አይቶ «ላንተ ኤል ይሆንሃል» የሚል ሻጭ ካለ የልብስ ሰፊ ሜትር ይጠይቁት። የሚለካበት ቦታ ከአምራች አምራች ይለያያል፦ አንዱ የሎሚውን መሃል ዙሪያ፣ ሌላው ከሎሚው 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ጭኑን ያስለካል፤ ካርቶኑ ላይ ያለውን ሰንጠረዥ ማየት ግድ ነው። ጉልበትዎ ማታ ማታ የሚያብጥ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ይለኩ። ሲገዙም የኋላውን ስፌት በጣት ይዳብሱ፤ ከጉልበት መታጠፊያ ላይ የሚያርፍ ሸካራ ስፌት በሁለት ቀን ቆዳ ይልጣል። በጎኑ ስፕሪንግ የገባበት ከሆነም ስፕሪንጉን አጠፍ አድርገው ሲለቁት ተመልሶ ካልቀና ይተዉት።

አስተሳሰሩ እንዲህ ነው። ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጉልበትዎን ትንሽ አጠፍ ያድርጉ፣ ቀዳዳውን በሎሚው ልክ ያስቀምጡ፣ መጀመሪያ የታችኛውን ማጣበቂያ፣ ቀጥሎ የላይኛውን ይሰሩ። የላይኛው ሁልጊዜ ላላ ተደርጎ ይታሰራል፤ ጭን ወደ ላይ እየሰፋ ስለሚሄድ ማሰሪያው ወደ ታች ይንሸራተታል፣ ብዙዎችም «እንዳይወርድ» ብለው እሱን ያጠብቁታል። የላይኛውም ሆነ የታችኛው ሲጠብቅ ደም መልስና ነርቭ ሊታነቁ ይችላሉ። በማሰሪያውና በቆዳው መካከል አንድ ጣት መግባት አለበት። ካሰሩ በኋላ የእግር አውራ ጣት ጥፍርን ተጭነው ይልቀቁ፤ ነጣ ያለው በ2 ሰከንድ ገደማ ካልቀላ፣ ወይም ባት ካበጠ፣ ወይም የእግር ጀርባ ከደነዘዘና እግር ወደ ላይ አልነሳ ካለ ወዲያው ይፍቱት። ባት በአንድ ወገን ብቻ አብጦ ከሞቀና ካመመ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

የሚታሰረው ሲሄዱና ሲሠሩ ነው፤ ሲተኙ ይፈታል። ቀኑን ሙሉ ታስሮ የሚውል ጉልበት የጭኑ ጡንቻ ሥራ ይፈታል፤ ጉልበትን የሚያቆመው ደግሞ እሱ ነው። ስለዚህ ማሰሪያ የገዛ ሰው ይህን እንቅስቃሴ አብሮ ይጀምር፦ በጀርባ ተኝቶ ያልታመመውን ጉልበት ማጠፍ፣ የታመመውን እግር ቀጥ አድርጎ የጭን ጡንቻን ማጥበቅ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ማንሳት፣ 5 ሰከንድ ይዞ ቀስ ብሎ ማውረድ። 10 ጊዜ፣ በቀን ሦስት ዙር። ክብደት ያለበት ሰው 1 ኪሎ ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ጫና በ4 ኪሎ ገደማ ይቀንሳል፤ ይህን የሚስተካከል ማሰሪያ የለም። ከዘራ የሚይዝም በታመመው እግር ተቃራኒ እጅ ይያዝ።

ብረት ያለበት ማሰሪያ ለጅማት ጉዳት ነው፤ በሐኪም ትእዛዝ እንጂ በራስ ምርጫ አይገዛም። ላስቲኩ ቀለል ላለ ሕመም ይበቃል፣ ቶሎ ግን ይላላል።

ማሰሪያ ከመግዛት በፊት ምርመራ የሚያስፈልግባቸው ሁኔታዎች አሉ። ከወደቁ ወይም ጉልበት ከተጠመዘዘ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ካበጠ ውስጡ ደም ሊኖር ይችላል። ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ ሜኒስከስ (በጉልበት አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ያለው ልም አጥንት) ተቀድዶ ተሰክቶ ይሆናል። አራት እርምጃ መራመድ ካቃተ ኤክስሬይ ያስፈልጋል። ጉልበቱ ግሎ ትኩሳት ካለ መገጣጠሚያው ውስጥ መግል ሊኖር ስለሚችል ቀን የማይሰጥ ድንገተኛ ሕመም ነው። እነዚህን ወጌሻ ዘንድ ወስዶ ማሳሸትና በቀርከሃ ማሰር ጉዳቱን ያባብሳል፤ ጠብቆ የታሰረ እግር ደም አጥቶ የተቆረጠበት ሰው በአገራችን ጥቂት አይደለም።

እጥበቱ ቀላል ነው፦ ማጣበቂያዎቹን ዘግቶ ለብ ባለ ውኃና ለስላሳ ሳሙና በእጅ፣ ያለ በረኪና፣ ከፀሐይ ራቅ አድርጎ ማስጣት። ቆዳ ላይ ሽፍታና ማሳከክ ከመጣ ጨርቁ አልተስማማም ማለት ነውና ወደ ጥጥ ላስቲኩ ይዙሩ። ማጣበቂያው ፀጉር ይዞ መያዝ ሲያቅተው ወይም ተዘርግቶ ወደ ልኩ አልመለስ ሲል ማሰሪያው አልቋል፤ አጥብቆ ለማስተካከል ከመሞከር አዲስ መግዛት ይሻላል።