ከፍቺ በኋላ የጋራ ቤት ብድር፦ ለባንኩ 2 ኮከብ
ከባለቤቴ ጋር ስንለያይ የጋራ የቤት ብድራችንን ለማስተካከል ባንካችን ጋ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ የፍቺ ወረቀቴን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ «ይሄ እኛን አይመለከትም» አለችኝ። ክው አልኩ! ለካ እውነቷን ነው፤ ፍርድ ቤት ቤቱን ለእኔ ቢሰጠኝም ውሉ ላይ በጋራ እስከፈረምን ድረስ ባንኩ ሙሉውን ዕዳ ከማናችንም መጠየቅ ይችላል፣ አንድ ወር ክፍያ ቢያልፍም የሁለታችንም የብድር ታሪክ ነው የሚበላሸው። ግን እንዲህ ነው የሚነገረው? የእሱን ስም ከውሉ ለማስወጣት የእኔ ገቢ ብቻውን ብድሩን መቻል አለመቻሉ እንደ አዲስ ተገመገመ። አንዱን የደመወዝ ማስረጃ ሦስቴ አስመጡኝ (ሁለቱን የት እንዳደረሱት እነሱ ያውቃሉ)። የብድር ክፍሉ ሰውዬ ግን ጨዋ ነው፤ የቤቱ ባለቤትነት ስም ለብቻው እንደሚዞር ያስታወሰኝ እሱ ነው። ኮከቦቹም የሱ ናቸው።