«ሊካተት ይችላል» የሚል የወሎ ጉዞ ከመግዛታችሁ በፊት

ባለፈው ሳምንት እናቴን ማስታወቂያ ላይ አየኋት።

ቴሌግራም ላይ ነው። «የወሎ ታሪክና ባህል ጉዞ፣ አምስት ቀን፣ ሁሉም ተካቶ» ይላል። ከላይ ከአየር የተነሳ የግሸን መስቀለኛ አምባ አለ። አጠገቡ ቤተ ጊዮርጊስ። ከታች በግራ በኩል ደግሞ እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ዛፍ ሥር ተቀምጣለች። ከሥሯ «ደስተኛ ተጓዦቻችን» ተብሎ ተጽፏል።

እማዬ ያኔ ደስተኛ አልነበረችም። ሐይቅ እስጢፋኖስ በር ላይ ወንዶቹ ጎብኝተው እስኪወጡ እየጠበቀች ነበር። ነገሩን ወደ ታች እነግራችኋለሁ። ማስታወቂያው ያኔ እኛን የወሰደን ጉዞ አዘጋጅ ነው። ስሙ ተቀይሯል፣ ስልክ ቁጥሩም አዲስ ነው፣ ፎቶዎቹ ግን ያው ናቸው። እስካሁን «ይሁን፣ ያለፈ ነገር ነው» ብዬ ትቼው ነበር። ይሄን ሳይ ነው ልጽፍ የተነሳሁት። ስሙን አልጠራም። ብጠራውም በነጋታው ሌላ ስም ያወጣል። አካሄዱን ብታውቁት ይሻላል።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። እህቴ አዲስ አበባ ነው የምትኖረው። እማዬ የግሸን ስለት ነበረባት። ዘንድሮ ዘንድሮ ስትል ጉልበቷ እየከበዳት ሄደ። መስከረም 21 የሚወጣውን ሕዝብ ደግሞ አትችለውም። እህቴ ማስታወቂያውን ላከችልኝ። ከጥምቀት በኋላ ነው፣ ጭር ባለ ጊዜ፣ በመኪና፣ ግሸን አለበት። ሐይቅም፣ ውጫሌም፣ ባቲም፣ ላሊበላም አለበት። በሰው 19,500 ብር። ለሦስት ሰው 58,500 ማለት ነው። ብዙ ነው፣ ግን ለእናት ነው አልን።

ደወልኩ። ልጁ አንደበቱ ማር ነው። ሦስት ነገር ጠየቅሁት። ግሸን እርግጠኛ ነው ወይ? «አብሽሪ እህቴ፣ የጉዞው ዋና ነገር እሱ አይደል እንዴ!» ሐይቅ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም፣ እኛን ምን ታደርጉናላችሁ? «አብሽሪ፣ ተነጋግረናል።» ባቲን በረቡዕ ምን ብለን እንሄዳለን? «አብሽሪ፣ ለእናንተ ተብሎ ይዘጋጃል።»

እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ። የባቲ ገበያ የሚውለው ሰኞ ነው። አፋሩ ግመሉን ነድቶ፣ ኦሮሞውና አማራው ከደጋም ከቆላም ወርዶ የሚገናኝበት ገበያ ነው። ማንም ለሦስት ደሴዎች ብሎ ረቡዕ አያቆመውም። ግን ሰው መስማት የሚፈልገውን ሲሰማ ጆሮው ይደፈናል።

ገንዘቡን በግለሰብ ስም በተከፈተ ሒሳብ አስገባን። ደረሰኝ ስንል «ሲስተም የለም፣ መኪና ላይ ትቀበላላችሁ» አለ። አልተቀበልንም። ሲስተሙ እስከ ዛሬ አልመጣም።

የጉዞው ዝርዝር የመጣልን ከከፈልን በኋላ ነው። ሁለት ገጽ፣ በስልክ የተላከ። ማታ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። «ግሸን ደብረ ከርቤ እንደ አየሩ ሁኔታ ሊካተት ይችላል።» «ሐይቅ እስጢፋኖስ ሊጎበኝ ይችላል።» «ይስማ ንጉሥ ሊታይ ይችላል።» ቆጠርኩት። ሰባት «ይችላል» አለበት። ማስታወቂያው ላይ አንድም አልነበረም።

እንግዲህ በውል ነገር መታለል የማይገባው ሰው ቢኖር ወሎዬ ነው። የውጫሌ ውል የተፈረመው እዚሁ አገራችን፣ ይስማ ንጉሥ ላይ ነው፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881። አንቀጽ 17ን ትምህርት ቤት ያልሸመደደ የለም። በአማርኛው ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። በጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ዓድዋ ጨረሰው። የኛው ውል የተገላቢጦሽ ነው። በስልክ ግዴታ የነበረው ወረቀት ላይ ሲደርስ «ይችላል» ሆነ። እኛ ደግሞ ምኒልክ አይደለንም። ከፍለን ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ከደሴ ፒያሳ ተነሳን። «ምቹ ኮስተር» የተባለው ሀይሩፍ ሆኖ መጣ። አሥራ አራት ሰው ከነሻንጣው። ሹፌሩን ግን አላማውም፣ ጨዋና የተረጋጋ ሰው ነበር። ሐረጎን ሲወርድ አንዴም አላስደነገጠንም።

ባቲ ስንደርስ የገበያው ሜዳ ጭው ብሏል። የቆሙ እንጨቶች፣ አቧራ፣ አንድ ፌስታል የምታኝክ ፍየል። አስጎብኚያችን እጁን ዘርግቶ «ታላቁ የባቲ ገበያ ይሄ ነው» አለ። ከኮምቦልቻ አብረውን የመጡ ሐጂ አሉ፣ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። «ልጄ፣ ገበያ እኮ ሰው ነው፣ ይሄ ሜዳ ነው» አሉት። ፎቶ አንስቶን ወደ መኪና መለሰን። ማታ «የባቲ፣ የአምባሰል፣ የትዝታና የአንቺ ሆዬ ምሽት» የተባለው ደግሞ ሹፌሩ ፍላሹን ሲሰካ ተከናወነ።

ሐሙስ ሐይቅ። እስጢፋኖስ ድሮ ደሴት የነበረ፣ አሁን ከየብስ የተያያዘ ገዳም ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት ቦታ። የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴት አይገባም። ይሄ የገዳሙ ሥርዓት ነው፣ ቅር የሚለኝም የለም። ቅር ያለኝ ይሄን እያወቁ ለሰባት ሴቶች ከወንዱ እኩል ዋጋ መሸጣቸው ነው። በር ላይ የነበሩት አባት «ማንም አላነጋገረንም ልጆቼ» አሉን። ወንዶቹ ገቡ። እኛ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። እማዬ ወደ ገዳሙ ዞራ ተሳለመች፣ ከዚያ ዝም አለች። ፎቶው ያኔ የተነሳ ነው። «ወደዚህ እዩ እማማ» ሲላት ጥርሷን ትንሽ ገለጥ አደረገችለት። አገሬው ለሰው ፊት አይነሳም እኮ። ያ ፈገግታ ነው አሁን ጉዞ የሚሸጥበት።

ከሐይቅ ወደ ወልዲያ ስንሄድ ውጫሌን አለፍን። ወደ ይስማ ንጉሥ አልታጠፍንም። «ቦታው በዚያ በኩል ነው» ብሎ በመስኮት አሳየን። አንዷ ልጅ ተኝታ ነበር፣ እሷ መስኮቱም አመለጣት።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። ለኔ ከሁሉም የባሰው የዓርቡ ምሳ ነው። ድልብን ወጥተን፣ ጋሸና ሳንደርስ አንድ ምግብ ቤት ቆምን። ምሳ «ተካቷል» ነው። አንድ ዓይነት ምግብ ለሁሉም ታዟል፣ የሥጋ ጥብስ። ቀኑ ዓርብ ነው! ከአሥራ አራታችን ስምንታችን ክርስቲያኖች ነን፣ ጾም ነው። ስድስቱ ሙስሊሞች ናቸው፣ ሥጋው የማን እንደሆነ እንኳ የሚያውቅ የለም። በአንድ ትሪ አሥራ አራቱንም ማስጾም ቻለ። የወሎን ባህል እሸጣለሁ የሚል ሰው ነው እንግዲህ ይሄን ያደረገው! እኛ ዘንድ ሰርግ ሲደገስ ከድንኳኑ በፊት የሚታሰበው የማን ከብት በማን እጅ ይታረዳል የሚለው ነው። የሙስሊሙ ለብቻ፣ የክርስቲያኑ ለብቻ፣ የጾመኛው ለብቻ። የስድስት ዓመት ልጅ «ያኛው ድስት የነእንትና ነው» ብሎ ይነግራችኋል። ባህሉ እኮ ሐውልት አይደለም፣ ይሄው ነው። የምግብ ቤቱ ሴትዮ ነገሩ ሲገባቸው ደነገጡ። ለሁላችንም ሽሮ ሠርተው አመጡ። ሒሳቡን እኛው ከፈልን፣ «ተጨማሪ ትእዛዝ ነው» ተባልን።

ላሊበላ «ባለ ሦስት ኮከብ ሆቴል ወይም ተመጣጣኝ» ነበር የተባልነው። «ወይም ተመጣጣኝ» የምትለዋን ልብ በሉ፣ የ«ይችላል» ታናሽ እህት ናት። ተመጣጣኙ ፔንሲዮን ሆኖ ተገኘ። አልጋ ለአራት ሴት ሁለት፣ ውሃ በባልዲ።

ቅዳሜ ቅዱሳን መካናቱን ዞርን። ላሊበላ ውስጥ ባጅ ያላቸው፣ ቦታውን እንደ ቤታቸው የሚያውቁ የአካባቢው አስጎብኚዎች አሉ። የኛው ሰው አንዱንም አልቀጠረም። ከስልኩ እያነበበ «አሥራ ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት» አለ። አሥራ አንድ ናቸው። ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆሞ «በትላልቅ ድንጋዮች የተገነባ» ሲል አጠገባችን የነበሩ አንድ ቄስ ዞር ብለው አዩት። ድንጋይ በድንጋይ ላይ አልተጫነም እኮ! ከአንድ ቋጥኝ ከላይ ወደ ታች ነው የተፈለፈለው። ወለሉ ከአፋፉ 12 ሜትር ያህል ይወርዳል። ጣሪያውን ከእግራችሁ ሥር እያያችሁ እንዴት «ተገነባ» ይባላል?

ያዳነን አንድ ትንሽ ዲያቆን ነው። አሥራ አምስት ዓመት አይሞላውም። ከቤተ ገብርኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚወስደው ጨለማ ዋሻ መኖሩን አስጎብኚው አላወቀም ነበር። ልጁ የእማዬን እጅ ያዘ። «መብራት አታብሩ፣ የሲኦል ምሳሌ ነው፣ እጃችሁን ግድግዳው ላይ አድርጋችሁ ተከተሉኝ» አለን። ዓይን ቢያፈጡ ምንም አይታይም። የእማዬ «እመቤቴ፣ እመቤቴ» ብቻ ይሰማል። ብርሃኑ ጋ ስንወጣ አቅፋ ሳመችው። ከአምስቱ ቀን እውነተኛ ጉብኝት የምለው ያቺን ሃያ ደቂቃ ነው።

ማታ ግሸን ቀረ ተባለ። «በአየሩ ሁኔታ ምክንያት።» ጥር ነው፣ ሰማዩ ላይ የጣት ያህል ደመና የለም። ነገሩ ከመጀመሪያውም የማይሆን ነበር። ግሸን የተመደበው ለእሑድ ነው፣ ለመመለሻው ቀን። ከላሊበላ ደሴ በወልዲያ በኩል 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አብዛኛው ተራራ። ግሸን ከዋናው መንገድ ወጣ ያለ፣ ለራሱ አንድ ሙሉ ቀን የሚፈልግ ቦታ ነው። ካርታ ያየ ሰው ሁለቱን በአንድ ቀን አይጽፍም። እሱ የጻፈው ፎቶው ስለሚሸጥ ነው።

እማዬ አላለቀሰችም። «የእመቤቴ ፈቃድ አልሆነም» አለች። እኔ ግን የማን ፈቃድ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ደሴ ስንገባ ገንዘብ እንዲመልስ ጠየቅሁ። «ለእማማ» ብሎ 2,000 ብር ላከ። ከዚያ ስልክ ማንሳት አቆመ። አቤት ልል ቢሮ ሄድኩ። ሰዎቹ በትሕትና ነው ያነጋገሩኝ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ግን «ደረሰኝ አለሽ?» ነበር። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006፣ አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። እኔ በእጄ ያለው ግን የባንክ ስክሪንሾትና የአንድ ግለሰብ ስም ነው። «ብድሬን መልሳልኝ ነው» ቢል ምን እመልሳለሁ?

ስለዚህ እንዲህ ያለ ጉዞ ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ዝርዝሩን ሳታዩ አምስት ሳንቲም አትላኩ። ሲመጣላችሁ «ይችላል» የሚለውን ቃል ፈልጉ። ባገኛችሁበት ሁሉ «ይጎበኛል፣ ካልተጎበኘ ይህን ያህል ብር ይመለሳል» ተብሎ እንዲቀየር ጠይቁ። መንገድ ቢዘጋ ማንም አይፈርድበትም፣ ያ ሲሆን ብሩ ምን እንደሚሆን ግን አስቀድሞ ይጻፍ። እምቢ ካለ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው። የእያንዳንዱን ቀን ኪሎ ሜትር ራሳችሁ ደምሩ። የገበያ ቀን ጠይቁ። ሴቶች ከሆናችሁ የትኛው ገዳም እንደማያስገባ ራሳችሁ አጣሩ፣ «ተነጋግረናል» አትመኑ። ላሊበላ ላይ ማን እንደሚያስጎበኛችሁ፣ ባጅ እንዳለውም ጠይቁ። ምግቡን ደግሞ በተለይ ጠይቁ። «ዓርብ ምሳ ምንድን ነው?» በሏት ወይም በሉት። ከዚች አንድ ጥያቄ ብዙ ይታወቃል። ክፍያው በድርጅቱ ስም ወደተከፈተ ሒሳብ ካልሆነና ደረሰኝ ካልተቆረጠ ተዉት። ሦስት አራት ቤተሰብ ሆናችሁ የምታውቁትን ሹፌር ብትከራዩ በዚህ ብር የተሻለ ታያላችሁ። እኛም ለእማዬ ግሸን እንደዚያ እያሰብን ነው።

ማስታወቂያውን ያየሁ ዕለት በአዲሱ ቁጥር ጻፍኩለት። ገንዘቡን ተወው፣ የእናቴን ፎቶ ግን አንሳልኝ አልኩት። ከሁለት ቀን በኋላ መለሰ።

«አብሽሪ እህቴ፣ ሊነሳ ይችላል።»