የኤርሴንስ 10 ዲሲ ኮንቨርተር፦ ትራክ ውስጥ ለሚያድር ሾፌር

ኤርሴንስ 10 የሲፓፕ ማሽን ነው፤ በእንቅልፍ ትንፋሹ ለሚቋረጥ ሰው ሌሊቱን አየር በግፊት ይሰጣል። ባትሪው በተኛችሁ በሁለት ሰዓቱ ካለቀ፣ ማሽኑ የሚመዘግበውም ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ የዲኦቲ (የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱን) ሜዲካል ካርድ፣ ማለትም ሾፌሩ ለመንዳት ጤነኛ ነው የሚለውን ማረጋገጫ፣ የሚሰጡ ሐኪሞች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት፣ ከሌሊቶቹ 70 በመቶ በሚሆኑት ቢያንስ አራት አራት ሰዓት መጠቀማችሁን ነው። ስሊፐር (የትራኩ መኝታ ክፍል) ውስጥ ለሚያድር ሾፌር የሲፓፕ መብራት የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ሬስሜድ ለኤርሴንስ 10 የሚሠራው ዲሲ ኮንቨርተር ከላፕቶፕ ቻርጀር ብዙም አይለይም። የሲጋራ መለኮሻው ላይ ይሰካል፤ ከ12 ወይም ከ24 ቮልት ባትሪ ተቀብሎ ማሽኑ የሚፈልገውን 24 ቮልት ይሰጣል። 90 ዋት ስለሆነ የውሃ ማሞቂያውንና የሚሞቀውን ቱቦ ጭምር ይችላል። ርካሽ ከሆኑት ተመሳሳዮቹ መካከል ከዚህ ያነሰ ዋት ያላቸው አሉ፤ ሳትገዙ ጀርባውን አንብቡ። ኤርሴንስ 11 ላይ ግን አይሆንም፤ መሰኪያው ሌላ ነው።

ኢንቨርተር እያለ ይህ ለምን? ኢንቨርተሩ 12ቱን ቮልት ወደ 120 ያወጣዋል፤ የማሽኑ ቻርጀር መልሶ ወደ 24 ያወርደዋል። በመውጣት በመውረዱ ኃይል ይባክናል። ሒሳቡን ተመልከቱ፦ ውሃ ማሞቂያው ጠፍቶ፣ የአየሩ ግፊት 10 (ሴንቲሜትር ውሃ) አካባቢ ከሆነ፣ ማሽኑ ወደ 10 ዋት ይበላል። በስምንት ሰዓት 80 ዋት-ሰዓት መሆኑ ነው። ባለ 500 ዋት-ሰዓት ፓወር ስቴሽን (መሰኪያዎች ያሉት ተንቀሳቃሽ ትልቅ ባትሪ)፣ 425ቱ ቢደርሳችሁ፣ በዲሲ በኩል አምስት ሌሊት ገደማ ያቆያል። በኤሲ (በ120 ቮልቱ) በኩል ግን ኢንቨርተሩ ራሱ ሌላ አሥር ዋት ስለሚወስድ ሁለት ሌሊት ተኩል ቢያስኬድ ነው። ሌላም ጣጣ አለ፦ አንዳንዶቹ ፓወር ስቴሽኖች 10 ዋትን «ምንም አልተሰካም» ብለው ይቆጥሩትና ሌሊት ራሳቸውን ያጠፋሉ። በራሱ የሚጠፋበትን ምርጫ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ዝጉት።

ዋናው በላተኛ ውሃ ማሞቂያው ነው። ከሚሞቀው ቱቦ ጋር ሲበራ ፍጆታው 40 እና 50 ዋት ይደርሳል፤ ያው ፓወር ስቴሽን አንድ ሌሊት አድሮ ያልቃል። ማሽኑ ላይ ማይ ኦፕሽንስ ውስጥ ገብታችሁ ክላይሜት ኮንትሮልን ማንዋል፣ ሂዩሚዲቲ ሌቭልን ኦፍ አድርጉ፤ የቱቦውንም ሙቀት አጥፉ። አፍንጫችሁ የሚደርቅ ከሆነ 100 አምፔር-ሰዓት የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ (1280 ዋት-ሰዓት) ለብቻው ማስገባት ይሻላል።

የኮንቨርተሩ ደካማ ጎን መሰኪያው ነው። ትራክ ሲንቀጠቀጥ ይላላል፤ የላላ መሰኪያ ይግላል፣ ማሽኑም እየበራ ይጠፋል። መኝታው አጠገብ ሌላ ሶኬት አስገጥሙ፤ ከባትሪው ጥግ 15 አምፔር ፊውዝ ይግባበት። በገመዱ አትቆጥቡ። ከባትሪው እስከ ሶኬቱ 6 ሜትር ርቀት ካለ፣ በ18 ጌጅ ገመድ 8 አምፔር ሲያልፍ 2 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ 12.5 የነበረው 10.5 ሆኖ ይደርሳል። ከዚያ «ኮንቨርተሩ ተበላሸ» ተብሎ ይመለሳል፤ ጥፋቱ የገመዱ ሆኖ ሳለ። ወፍራም በሆነው በ12 ጌጅ የሚጠፋው ግማሽ ቮልት ብቻ ነው።

ከትራኩ ከራሱ ባትሪዎች መሳብም ይቻላል፣ ውሃ ማሞቂያው እስከጠፋ ድረስ። ያረጁ ባትሪዎች ላይ ግን ፍሪጅና ሂተር ከተጨመሩ ጠዋት ሞተሩ አልነሳም ይላል። ሞተር አብርቶ ማደርም በየቦታው አይፈቀድም፤ ካሊፎርኒያ የምትፈቅደው አምስት ደቂቃ ነው።

ክረምት ሚኒሶታ የምትነዱ ደግሞ ይህን ያዙ፦ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ቻርጅ መደረግ የለበትም። ደህናው ባትሪ ራሱ ቆርጦ እምቢ ይላል፤ መከላከያ የሌለው ግን ቻርጅ እየተቀበለ ውስጡ ይበላሻል። ውጭ ካለው ሳጥን አውጥታችሁ ከአልጋው ሥር አድርጉት።

ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት የውሃውን ዕቃ ከማሽኑ አውጥታችሁ ድፉት። በመጀመሪያው ኩርባ ውሃው ወደ ማሽኑ ሞተር ከገባ ማሽኑን የሚያድነው ኮንቨርተር የለም።