ጠዋት ዝም፣ ማታ ጉምጉም፦ ራሴ ከገጣጠምኩት ፕሪአምፕ ጋር ዘጠኝ ወር

ይህን ግምገማ ጥር ላይ ብጽፈው ኖሮ አንድ ቃል ይበቃው ነበር፤ «አትግዙት»። አሁን ሰኔ ነው። ፕሪአምፑ፣ የሸክላ ማጫወቻን ደካማ ድምፅ ለአምፕሊፋየር የሚያሳድገው ዕቃ፣ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል፣ ሸክላው ይዞራል፣ በእጥፍ ዋጋ ሽጥልኝ ቢሉኝም አልሸጠውም። በመሃል የሆነውን ብናገር ለሌላ ጀማሪ ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው።

ነገሩ የጀመረው በአባቴ ሸክላዎች ነው። ወደ አርባ ይሆናሉ። አብዛኞቹ ትንንሾቹ ናቸው፤ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት፣ በአንድ ፊት አንድ ዘፈን ብቻ ያለባቸው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የግል ኩባንያ አቋቁሞ ሸክላ ማሳተም የጀመረበት ዘመን ቅርሶች ናቸው። ጥላሁን አለ፣ ማህሙድ አለ፣ ብዙነሽ አለች። አባቴ በወጣትነቱ ከደመወዙ ላይ እየቆነጠረ ነው የገዛቸው። ማጫወቻውም እስከ ዛሬ ይሠራል። የድሮው ማጉያ ግን ተቃጥሎ ከተጣለ ቆይቷል።

እኔ ያለኝ የዛሬ አምፕሊፋየር ነው። ብሉቱዝ አለው፣ ፍላሽ ያነባል፣ ሸክላ ግን አያውቅም። ማጫወቻውን ኦክስ (የውጭ ድምፅ መቀበያው) ላይ ስሰካው የወጣው ድምፅ ከጎረቤት ቤት የሚመጣ ይመስል ነበር። ቀጭን፣ ሩቅ፣ ቤዝ የሚባል ነገር የሌለው። አባቴ ትንሽ ሰማና «ይሄ እኮ እሱ አይደለም» ብሎ ተነስቶ ሄደ።

አልተሳሳተም። ሸክላ ሲቀረጽ ቤዙ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፤ አለዚያ ሰፊ ቦይ ይፈልግና ሸክላው ላይ ዘፈን አይበቃም። ቀጭኑ ድምፅ ደግሞ ከፍ ይደረጋል፤ ሲጫወት ከሚሰማው ሽሽታ በላይ እንዲሆን። ስንሰማ ይህን ሁሉ ወደ ቦታው የሚመልስ ነገር ያስፈልጋል። ቀመሩ ከ1954 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አርአይኤኤ በሚባለው የአሜሪካ የሸክላ አሳታሚዎች ማኅበር ስም ይጠራል። በዚያ ላይ ከማግኔት መርፌ የሚወጣው ጉልበት አምስት ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ነው። ኦክስ የሚጠብቀው ግን የዚያን መቶ እጥፍ ያህል ነው። የሸክላ ፕሪአምፕ እንግዲህ ሁለቱንም ይሠራል፤ መቶ እጥፍ ያሳድጋል፣ ቤዙን ይመልሳል።

የተዘጋጀውን ጠየቅሁ፣ አልቻልኩትም። መርካቶ አንድ ሱቅ ውስጥ የሚገጣጠመውን ኪት በ2,800 ብር አገኘሁ። ቦርዱ፣ ድምፁን የሚያሳድጉ ሁለት ኤን ኢ 5532 የሚባሉ አይሲዎች (ቺፖች)፣ ሪዚስተሮቹ፣ ካፓሲተሮቹ፣ ትንሽ ትራንስፎርመር፣ ሁሉም በአንድ ላስቲክ። መበየጃና ቴስተር ለብቻ ገዛሁ። ሻጩ «ወንድሜ፣ ምን አለፋህ፣ ብሉቱዝ ያለው ውሰድ» አለኝ። ሸክላ በብሉቱዝ አይዞርም አልኩት።

ስለ መገጣጠሙ ብዙ አልልም። በሕይወቴ በይጄ አላውቅም ነበር። ከሞተ የዲሽ ሪሲቨር ቦርድ ላይ አንድ ማታ ተለማመድኩ፣ በሁለት ማታ ጨረስኩ። የሪሲቨሩ የብረት ሳጥን ቤት ሆነለት። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ትራንስፎርመሩ ጋ የሚገባው 220 ቮልት ነው። ክዳኑ ተከፍቶ ሶኬት ላይ አትሰኩት።

ጥቅምት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አበራሁት። ቤዙ መጣ፣ ትልቅ ጉምጉምታም ይዞ መጣ።

የመጀመሪያውን ጉምጉምታ በሳምንት አገኘሁት። ከማጫወቻው ጀርባ፣ ከሁለቱ ጃኮች ጋር፣ ጫፏ ሹካ የሚመስል ቀጭን አረንጓዴ ሽቦ ትወጣለች። የግራውንድ ሽቦ ናት። ምን እንደሆነች ስላላወቅሁ መደርደሪያው ሥር ጥዬያት ነበር። ከሳጥኑ ብረት ጋር በብሎን ሳስራት ጉምጉምታው በአንዴ ተቆረጠ። የኛ መብራት 50 ሄርትዝ ነው፣ በሰከንድ 50 ጊዜ ይወዛወዛል፤ ጉምጉምታውም እሱ ነው። ፕሪአምፑ ቤዙን ሲመልስ 50 ሄርትዝ ላይ ያለውን ድምፅ ከመሃከለኛው ድምፅ ሰባት እጥፍ ያህል አብልጦ ያሳድጋል። ሌላ ዕቃ ላይ የማትሰሙት ጥፋት እዚህ የሚጮኸው ለዚህ ነው። ሽቦዋ ካለቻችሁ እሰሯት። ከሌለች ከማጫወቻው ብረት ላይ አዲስ አውጡ።

ያኔ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ኅዳር ላይ አዲስ ድምፅ መጣ። ይሄኛው እንደ መጀመሪያው ወፍራም አይደለም። ሸካራ ነው፣ ጥርስ ያለው ነው፣ ጣሳ ውስጥ የገባ ንብ ይመስላል። ክፋቱ ደግሞ ሁልጊዜ አለመኖሩ ነው። ጠዋት አበራዋለሁ፣ ጸጥ። ቀትር ላይ ጸጥ። ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን ይጀምራል። አንዳንድ ማታ አይመጣም። አንዳንድ ማታ ዘፈኑን እስኪውጠው ድረስ ይጮኻል።

ሱቁ ተመለስኩ። «ሸክላው አሮጌ ስለሆነ ነው» አለኝ። ሸክላው ጠዋት አሮጌ አይደለም እንዴ? ሌላ ሱቅ ሄድኩ። ጃኩ ነው፣ በወርቅ የተለበጠ ውሰድ ተባልኩ። ወርቅ ሰዓት እየቆጠረ ነው የሚሠራው? ሦስተኛው ቢያንስ ነገሩ ከመብራት ጋር እንደሚያያዝ ገብቶታል። ግን መልሱ 6,500 ብር የሚያወጣ ስታብላይዘር ነበር። 2,800 ብር ለወጣበት ዕቃ! ከእነዚህ ሰዎች ጋር በሐሳቤ ስንት ማታ እንደተከራከርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ተኝቼም እመልስላቸው ነበር።

እስከ ጥር ድረስ እንዲሁ ቀጠለ። ጃክ ቀየርኩ፣ ብየዳውን ደገምኩ፣ ትራንስፎርመሩን አዙሬ አሰርኩ። ምንም። አባቴም ማታ ማታ ሸክላ መጠየቅ ተወ። ያ ነው ከሁሉ በላይ ያናደደኝ። ቀን ሥራ ላይ ነኝ፤ አብረን የምንቀመጠው ማታ ብቻ ነው።

መፍትሔው የመጣው ከእናቴ ነው። አንድ ቅዳሜ ማታ ንቡ ሲጮህ ሰምታ ከበር ላይ «ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው፣ ግቢው ሁሉ ምጣድ ጥዷል፤ አምፖሉን አታየውም?» አለችኝ። ቀና ብዬ አየሁ። አምፖሉ ቢጫ ሆኗል።

አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ነው የምንጠቀመው። ከቆጣሪው ወደኛ የሚመጣው ሽቦ ረጅምና ቀጭን ነው። ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ አንድ ላይ ከተጣደ መስመሩ ይደክማል። ቴስተሩን ሶኬቱ ላይ አደረግሁ። 168 ቮልት። ጎረቤታችን ምጣዷን ስታጠፋ 195። ንቡ ዝም። እንደገና ስታበራ 170፣ ንቡ ተመለሰ። የዚያን ማታ ደስታዬን ልገልጽላችሁ አልችልም። ከሦስት ወር በኋላ ጠላቴን ፊት ለፊት አየሁት።

የሚሆነው ይሄ ነው። ኪቱ ውስጥ 7812 እና 7912 የሚባሉ ሁለት ባለ ሦስት እግር ሬጉሌተሮች አሉ። ሥራቸው የሚመጣው ቮልት ቢወጣም ቢወርድም ልክ 12 አድርጎ ማሳለፍ ነው፤ የመጀመሪያው ከዜሮ በላይ 12፣ ሁለተኛው ከዜሮ በታች 12። ነገር ግን 12 ለመስጠት ራሳቸው 14 ገደማ ማግኘት አለባቸው። ሁለት ቮልት ለራሳቸው ይይዛሉ። ሻጮቹ የሰጡኝ ትራንስፎርመር 12 ቮልት የሚሰጥ ነው። ሶኬቱ ላይ 220 ሲኖር፣ ዳዮዶቹና ካፓሲተሮቹ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድ ሲያደርጉት ከ14 ስለሚያልፍ፣ ከበቂ በላይ ነው። 168 ሲሆን ግን ሬጉሌተሩ የሚያገኘው ከ14 በታች ይወርዳል። ያኔ ማስተካከሉን ይተውና የመጣውን ሞገድ እንዳለ ያሳልፋል። መብራቱ በዳዮዶቹ በኩል ሲያልፍ 50ው እጥፍ ሆኖ 100 ሄርትዝ ይሆናል። ከመጀመሪያው ጉምጉምታ የተለየ፣ ሸካራ የሆነው ለዚህ ነው።

እርግጠኛ ለመሆን ሁለት ባለ ዘጠኝ ቮልት ባትሪ ገዝቼ በሬጉሌተሮቹ ፈንታ አገናኘሁ። ምጣዶቹ ተጥደዋል፣ አምፖሉ ቢጫ ነው፣ ፕሪአምፑ ግን ጸጥ። መርፌውን ሳስቀምጥ ያለ ምንም ንብ ሙዚቃው ብቻ ወጣ።

በዚያው ቅጽበት ሌላም ነገር ገባኝ። ፕሪአምፑ በ9 ቮልት ከሠራ 12 ለምን አስፈለገው? አምስት ሚሊቮልት መቶ እጥፍ ቢያድግ ግማሽ ቮልት ነው። ዘፈኑ ሲጮህ ሁለት ሦስት ቮልት ቢደርስ እንኳ 9 ይበቃዋል። ኤን ኢ 5532 እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የወጣ አይሲ ነው፤ በ5 ቮልትም በ15 ቮልትም ይሠራል። እኔ የምፈልገው ከሬጉሌተሩ በላይ ትርፍ ቮልት ነው። ስለዚህ 7812ን አውጥቼ 7809፣ 7912ን አውጥቼ 7909 ከተትኩ። 9 ለመስጠት 11 ይበቃቸዋል። 168 ላይ ያ በደንብ አለ።

የሁለቱ ዋጋ 120 ብር ነው። እደግመዋለሁ፣ 120 ብር። ስታብላይዘር ላለኝ ሰውዬ ብደርስለት ሁለቱን እጁ ላይ አስቀምጬ አሳየው ነበር።

እዚህ ላይ ለጀማሪ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሁለቱ ሬጉሌተሮች መልካቸው አንድ ነው፣ እግራቸው ግን አንድ አይደለም። 78 የሚለው መሃል እግሩ ግራውንድ ነው። 79 የሚለው ግራውንዱ ጫፍ ላይ ነው፣ መሃል እግሩ መግቢያ ነው። ቦታ ካቀያየራችኋቸው አይሲዎቹን ልታቃጥሉ ትችላላችሁ። እኔ ከማውጣቴ በፊት በስልኬ ፎቶ አነሳሁ፣ ጽሑፋቸው ወደ የትኛው ጎን እንደሚዞር በወረቀት ሣልኩ። አይሲዎቹን ከሶኬታቸው ነቅዬ መጀመሪያ ቮልቱን በቴስተር ለካሁ። አንዱ ላይ 9፣ ሌላው ላይ ከዜሮ በታች 9። ከዚያ ነው የመለስኳቸው።

አሁን ይህን ኪት ያዘጋጀው ሰው ላይ ያለኝን ቅሬታ ልናገር። ላስቲኩ ላይ «220» ብሎ ጽፏል። ይህን ዕቃ የሚገዛው ሰው ቤት ግን ማታ 220 የለም። 15 ቮልት ትራንስፎርመር ወይም 9 ቮልት ሬጉሌተር ቢከት ወጪው ያን ያህል ልዩነት የለውም። ትንሽ ወረቀት እንኳ የለበትም። ሦስት ወር ሙሉ የእጄን ሥራ እንድጠራጠር ያደረገኝ የአንድ ሰው ቸልተኝነት ነው። ብየዳዬ ደህና ነበር። ሁለቴ ያፈረስኩት በከንቱ ነው።

ግን ደግሞ እውነቱን ልናገር። የተዘጋጀ ዕቃ ገዝቼ ይሄው ንብ ቢመጣበት ክዳኑን መክፈት አልደፍርም ነበር። ወደ ሻጩ እወስደዋለሁ፤ ሻጩ ጠዋት ሱቁ ውስጥ ያበራዋል፤ ጸጥ ይላል፤ «ምንም የለውም» ብሎ ይመልስልኛል። ይሄኛውን ግን እያንዳንዷን እግር እኔ ነኝ የበየድኳት። የት ምን እንዳለ አውቃለሁ። «ራስህ ከምትለፋ ግዛ» ለሚለው ሁሉ መልሴ ይሄ ነው።

ሌላው ነገር ደህና ነው። አይሞቅም፣ ግራና ቀኙ እኩል ነው፣ ቮልዩሙን በእኔ አምፕሊፋየር ነው የማስተካክለው። ሲበራ ስፒከሩ ላይ «ጧ» ይላል፤ ስለዚህ አምፕሊፋየሩን መጨረሻ አበራለሁ።

ስለ ድምፁ አንድ ነገር ብቻ። አባቴ ከሚወዳቸው ሸክላዎች አንዱ ላይ፣ ሳክስፎኑ ሊገባ ሲል፣ ነፊው ትንፋሽ ሲስብ ይሰማል። አጭር ነው፤ «እህ» ከማለት ያነሰ። ንቡ እያለ አልሰማሁትም ነበር። በብሉቱዝ ከስልክ ስሰማውም የለም። አባቴ ግን ከሃምሳ ዓመት በፊት ጀምሮ ያውቀዋል። ሊደርስ ሲል እጁን ከፍ ያደርጋል፣ ትንፋሹ ሲያልፍ ያወርዳል።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ምጣዶቹ ሁለቱም ተጥደው ነበር። የእንጀራው ሽታ ግቢውን ሞልቶታል። አምፖሉ እንደ ፋኖስ ቢጫ ሆነ። ተነስቼ ለካሁ፤ 166። አባቴ ወንበሩን ወደ ስፒከሩ ጠጋ አደረገ፣ እጁን አነሳ፣ አወረደ። ዘፈኑ አለቀ፤ መርፌው ባዶው ላይ ቀስ ብሎ ይዞር ጀመር፤ ከሽሽታው በቀር ምንም የለም።

«ገልብጠው» አለኝ።