ቺንኴ ቴሬ፦ በባቡር ወይስ በጀልባ?

በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ ገደል ላይ የተለጠፉ፣ ቺንኴ ቴሬ የሚባሉ አምስት የባሕር ዳር መንደሮች አሉ። አጠገባቸው ካለችው ከተማ ከላ ስፔዚያ ተነስቶ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል። ግን በምን?

ባቡሩ ፈጣን ነው። ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። አምስቱም ጋ ይቆማል፤ ክረምት ከበጋ ይሠራል። ባቡርን የሚጨምረውን የቺንኴ ቴሬ ካርድ ከገዛችሁ ቀኑን ሙሉ ስትወርዱ ስትሳፈሩ መዋል ነው። ችግሩ፣ መንገዱ አብዛኛው ዋሻ ነው። ባሕሩ ብልጭ ይላል፣ ስልካችሁን ሳታወጡ ጨለማ ይውጠዋል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ግፊያው አይጣል ነው።

ጀልባው ቀርፋፋ ነው፤ ዋጋውም ይከብዳል። ግን መንደሮቹ በትክክል የሚታዩት ከባሕሩ ላይ ነው። ቀለም የተቀቡት ቤቶች እላይ በላይ ተደራርበው፣ ከኋላቸው በድንጋይ ካብ የተሠራው የወይን እርከን ወደ ላይ ሲወጣ ታያላችሁ። ኮንሶን ያየ ሰው ልቡ ይደነግጣል። ሁለቱም የዩኔስኮ ቅርስ ናቸው፤ ይኸኛው በ1997፣ ኮንሶ በ2011 እ.ኤ.አ. ተመዘገቡ። ባቡር የማይደርስባት የፖርቶቬኔሬ ከተማም በጀልባው መስመር ላይ ናት።

ሆኖም ጀልባው ከአምስቱ አንዷ የሆነችው ኮርኒሊያ አይቆምም፤ መንደሯ 100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። (በባቡር የመጣም ቢሆን ከጣቢያው ከ370 በላይ ደረጃ ይጠብቀዋል። ጉልበት ይስጣችሁ!) ጀልባው በብርድ ወራት አይሠራም፤ ማዕበል ከተነሳም ይሰረዛል።

እኔ ብሆን ጠዋት በባቡር እስከ መጨረሻዋ መንደር እስከ ሞንቴሮሶ ሄጄ፣ ከሰዓት በጀልባ እመለሳለሁ። ያኔ ፀሐይዋ ቤቶቹ ፊት ላይ ታርፋለች። የመጨረሻው ጀልባ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ግን ጠዋቱኑ ጠይቁ።