የሚያብጥ ተራራን ለመለካት የቱን መሣሪያ እንግዛ? የሳተላይት ራዳር፣ ጂፒኤስ፣ ቲልትሜትር እና ስትሬንሜትር ሲነጻጸሩ

በእሳተ ገሞራ ሥር፣ ኪሎ ሜትሮች ወደ ታች ያለውን ውጥረት በቀጥታ አንብቦ የሚነግር መሣሪያ የለም። የሚሸጡት ሁሉ የሚለኩት ውጥረቱ ወደ ላይ የሚያስተላልፈውን ምልክት ነው። ቅልጥ አለት በማከማቻው ሲጠራቀም ግፊቱ ይጨምራል፣ ዙሪያው ያለው አለት ይለጠጣል፣ የላዩ መሬት ያብጣል። ግፊቱ ከአለቱ አቅም ሲያልፍ ስንጥቅ ይከፈታል፤ ጎንና ጎኑ የሚሸሸውም የአለቱ ጭምቀት ወደላላበት አቅጣጫ ነው። ቅልጡ ወደ ስንጥቁ ሲፈስ ማከማቻው ይሟሽሻል፤ ያበጠው መሬት ተመልሶ ይሰምጣል። ጃፓናዊው ኪዮ ሞጊ እ.ኤ.አ. በ1958 እብጠትን ከሥሩ ካለ የግፊት ምንጭ ጋር ያያያዘበት ስሌት ዛሬም የመጀመሪያው መሞከሪያ ነው።

እኔ መሣሪያዎቹን የምለያቸው በጊዜ ነው። አንዱ ለወራት የሚያዘግመውን እብጠት ያያል፤ ሌላው በደቂቃዎች የሚሆነውን።

በሳተላይት ራዳር እንጀምር፤ ለመጀመር ግዢ አይጠይቅምና። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የተላኩት የሴንቲኔል-1 ሳተላይቶች መረጃ ለማንም በነጻ ይሰጣል። አንድ ሳተላይት በ12 ቀን አንዴ በዚያው መስመር ይመለሳል፤ ሁለቱ ምስሎች ሲነጻጸሩ የሚወጣው እያንዳንዱ የቀለም ቀለበት መሬቱ ወደ ሳተላይቱ በ2.8 ሴንቲ ሜትር መቅረቡን ወይም መራቁን ያሳያል። ገንዘቡ የሚወጣው ለጥሩ ኮምፒውተርና፣ ከሁሉ በላይ፣ ምስሉን ማንበብ ለሚችል ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 በአፋር ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ስንጥቅ ሲከፈት፣ በአንዳንድ ቦታም እስከ 8 ሜትር ሲሰፋ፣ ሙሉ ቅርጹን ያሳየው የራዳር ምስል ነው። በጥቂት ነጥቦች የተተከለ መሣሪያ ያን ያህል ስፋት ሊሸፍን አይችልም። ጉድለቱ ግን ሁለት ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ ደን ምልክቱን ያበላሸዋል፣ በከፍተኛ ተራራ ላይ ያለ የአየር እርጥበት ደግሞ እብጠት መስሎ ይታያል። በሁለት ዙሮች መካከል የሆነውንም ሳተላይቱ አያይም።

ጂፒኤስ ያን ክፍተት ይሞላል። የሚያስፈልገው የስልኩ ዓይነት ሳይሆን በሁለት ሞገድ የሚቀበል የቅየሳ ተቀባይ ነው። የአንድ ቀን መረጃ ሲሰላ የጎንዮሽ እንቅስቃሴን በጥቂት ሚሊ ሜትር ይለያል፤ በከፍታ በኩል ስሕተቱ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሆናል። ገዢዎች ገንዘባቸውን በተቀባዩ ላይ ጨርሰው አንቴናው የሚቆምበትን ምሰሶ ሲረሱ ማየት ያሳዝነኛል። ምሰሶው ከጠንካራ አለት ጋር ካልታሰረ የሚለካው የአፈሩን መንሸራተት ነው። አንድ ጣቢያ ብቻውን ምንጩ የት እንዳለ አይናገርም፤ አራት ያህል ተራራውን ከበው ቢተከሉ ነው ስሌቱ የሚቆመው። የፀሐይ ኃይል ሰሌዳውን አመድ ሲሸፍነው ኃይል እንዳይቋረጥ ባትሪውን በርከት አድርጎ መግዛትም ይገባል።

የቲልትሜትር ሥራ የመሬቱን ዝንባሌ መለካት ነው፤ ብዙዎቹ በፈሳሽ ውስጥ ያለች የአየር አረፋ ምን ያህል እንደተንሸራተተች በኤሌክትሪክ ያነባሉ። የዝንባሌ መለኪያው አሃድ ማይክሮራዲያን ነው፤ አንድ ማይክሮራዲያን ማለት አንድ ኪሎ ሜትር የሚረዝም ዘንግ አንድ ጫፉ በአንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ሲነሣ ነው፤ ጥሩ ቲልትሜትር ከዚያም ያነሰውን ይለያል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 27 ቀን 2014 የጃፓኑ ኦንታኬ ተራራ ሲፈነዳ ዝንባሌው መለወጥ የጀመረው 7 ደቂቃ ያህል ሲቀረው ነበር። 63 ሰዎች ሞቱ ወይም የደረሱበት ሳይታወቅ ቀረ። ያን ምልክት በ12 ቀን አንዴ የሚመጣ ሳተላይት ሊይዘው አይችልም። ነገር ግን ከገጹ ብዙም ሳይርቅ የተቀበረ ቲልትሜትር ፀሐይንም ይለካል። ግራፉ ጠዋት መሬቱ ሲሞቅ ይነሣል፣ ማታ ሲበርድ ይወርዳል፣ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ይዘላል። ያልለመደ ሰው ይህን የተራራው ትንፋሽ አድርጎ ሊያነበው ይችላል። ስለዚህ ሙቀትን አብሮ የሚመዘግብ ሞዴል ምረጡ፤ አቅም ካለ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባውን። ለዓመታት የሚዘልቅ ዝግተኛ እብጠትን ግን በእርሱ አትከታተሉ፤ መሣሪያው ራሱ ቀስ በቀስ ከዜሮው ይርቃል።

ስትሬንሜትር ከሁሉ የረቀቀው ነው። በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ በሲሚንቶ ተጣብቆ የአለቱን መጨመቅና መለጠጥ ከቢሊዮን አንድ እጅ እስኪሆን ድረስ ይለያል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 26 ቀን 2000 የአይስላንዱ ሄክላ ሲፈነዳ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ ምልክት የሰጠው ይህ መሣሪያ ነው፤ ከመሬት መንቀጥቀጡ ጋር ተዳምሮም ሕዝቡ አስቀድሞ እንዲነገረው አስችሏል። ሲሚንቶው ከጠነከረ በኋላ ግን አውጥቶ መጠገን አይቻልም። የቁፋሮ በጀትና የረጅም ጊዜ ባለሙያ የሌለው ተቋም ቢተወው እመክራለሁ።

የትኛውም ሻጭ «ፍንዳታን ይተነብያል» ቢላችሁ አትመኑት። በጣሊያን በእሳተ ገሞራ ላይ ባለችው የፖዙኦሊ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1984 መሬቱ 1.8 ሜትር ያህል ተነሣ፤ ፍንዳታ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካው የሴንት ሄለንስ እሳተ ገሞራ ሰሜናዊ ጎን በየቀኑ ከ1.5 ሜትር በላይ ሲገፋ ሰነበተ፤ ግንቦት 18 ቀን ሲፈነዳ ግን በፍጥነቱ ላይ የተለየ ለውጥ አልታየም ነበር።

በጀቱ ጠባብ ከሆነ እኔ ብሆን በነጻው ራዳር ጀምሬ እብጠቱ የት እንዳለ አያለሁ፤ ከዚያ ጂፒኤሶቹን በዚያ ዙሪያ እተክላለሁ። ሰዎች በቅርብ የሚኖሩበት ተራራ ከሆነ ቲልትሜትር ሁለት እጨምራለሁ፤ መረጃቸውም በየደቂቃው በሬዲዮ ወይም በሳተላይት መድረስ አለበት። የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ከሌለ ግን ከሁሉ በፊት እርሱ ይገዛ፤ አለት ሲሰነጠቅ የሚሰማው እርሱ ነው። ውል ከመፈረማችሁ በፊትም ሻጩን ያልተጣራውን መረጃ ያለ እርሱ ፕሮግራም መክፈት እንደሚቻል በጽሑፍ እንዲያረጋግጥላችሁ ጠይቁት።